ለሀሊማ የተገዛው ቀሚስ

ሀርጌሳ፣ ሰኔ 1994

ድሬዳዋ ላለኸው ወንድሜ ሙሰዓብ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። አንተ፣ ባለቤትህና አራሱ ልጅ አፊያ ናችሁ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።

እኔና ጓደኞቼ በሬዲዮ የምናቀርበው የወጣቶች ጤና ፕሮግራም ተወዶልናል። ባለፈው ሳምንት ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ተናገርኩ። እማዬ ሳልጨርስ ሬዲዮኑን ዘጋችው አሉ።

ትምህርት ቤት ተዘጋ። ታናሻችን ሀሊማ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። እማዬ ዒድ ሳይደርስ አዲስ ቀሚስ ገዛችላት። ትናንት ደግሞ፣ በልጅነቴ ለእኔ የተጠሩት አሮጊት መጥተው ሻይ ጠጡ። ሐሙስ ይመለሳሉ። ለምን እንደሆነ እማዬን ብጠይቃት፣ «አንቺስ ምን ሆንሽ? ይኸው በሬዲዮ ትለፈልፊያለሽ» አለችኝ። ሐኪም ቤት ተሸክመህ ያደረስከኝ አንተ ነህና፣ ምን እንደሆንኩ ታውቃለህ።

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥህ ራሷ ሀሊማ ናት። ከጎረቤታችን ከነጋዴዋ ፈትሂያ ጋር ነው የላክኋት። ሕፃኑን ልታጫውት እንደመጣች ነው የምታውቀው። ወንድሜ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ እማዬ ደውላ ብታለቅስብህም፣ እኔን ብትረግመኝም ሀሊማን እንዳትመልሳት። እዚህ ለሚመጣው እኔ አለሁ።

አላህ በሰላም ያቆያችሁ።

እህትህ ሪሀና