የጋሼ እጅ ይከብዳል

ጥቅምት 12
ዛሬም ያው የፀጉር ቤት ትምህርት። ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንሠራው፤ አንዱ ሲቆርጥ ሌላው ያያል። ደንበኛው ሲሄድ ያየነውን ጉድለት በወረቀት ጽፈን ለቆራጩ እንሰጣለን። የኔ ጥንድ ጋሼ ናቸው... ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው፣ ጡረታ ሲወጡ መቀስ ያነሡ። የሰው ጭንቅላት እንደ ማርሽ ነው የሚገፉት! ዛሬ አንዱ ሰውዬ አንገቱን እያሻሸ ወጣ። ወረቀቱ ላይ ምን ጻፍኩ? «በጣም ጥሩ።» አባቴን የሚያህሉ ሰው... ምን ልበል?

ጥቅምት 13
ጋሼ ለኔ የጻፉልኝ፦ «ሰውዬው ትንሽ አሳጥሪልኝ ሲል አላዳመጥሽም። ግማሹን አወረድሽው።» ፊቴ ተቃጠለ። እኔ እንዲህ አሞግሻቸው! እቤት ስገባ እህቴ፣ «ምነው ለንቦጭሽን ጣልሽ?» አለች። «ምንም» አልኳት።

ጥቅምት 27
ፈተና። እኔ ለጥቂት አለፍኩ። ጋሼ ወደቁ። ፈታኟ፣ «እጅዎ ይከብዳል» አለቻቸው። ኅዳር 10 ድጋሚ ይፈተናሉ፤ ያኔም ከወደቁ በቃ፣ ይሰናበታሉ። የቤታቸውን የፊት ክፍል ለፀጉር ቤት ብለው ቀለም ቀብተው ጨርሰዋል እኮ...

ወለል ስጠርግ መጡ። የሰጠኋቸውን ወረቀቶች በሙሉ ይዘዋል። አሥራ አንድ «በጣም ጥሩ»።
«ልጄ፣ እጄ እንደሚከብድ ታውቂ ነበር?»
«...አዎ ጋሼ።»
«ታዲያ?»
«አክብሬዎት ነው።»
«አክብረሽ ጣልሽኛ።»
ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኹም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ኅዳር 1
ልናገር ቆርጬ ሄድኩ። ግን «ይከብዳል» ብቻ ማለት ምን ይጠቅማል? እሱንማ ፈታኟም ብላዋለች። ራሴ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። «ጋሼ፣ የኔን ጭንቅላት ይያዙ።»
«ኧረ ተይ...»
«ይያዙ! አሁን ከበደ። አሁንም። በሁለት ጣት ብቻ፣ ጆሮዬ አጠገብ...»
«እንዲህ?»
«እንዲህ!»
አንገቴ ሊቀነጠስ ምንም አልቀረው፤ ግን ገባቸው። «ይቺን ከመጀመሪያው ብትዪኝ ምን ነበረበት?» አሉ። ተሳሳቅን።

ኅዳር 4
በሁለት ጣት ይይዛሉ፣ ወሬ ሲጀምሩ መዳፋቸው ይመለሳል። ነገርኳቸው። «አፌንም ልትዘጊው ነው?» አጉረመረሙ። ግን ዘጉት።

ኅዳር 10
አለፉ!! ፀጉሩን የቆረጡት ሰውዬ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶት፣ ፈታኟ ናት የቀሰቀሰችው። ጋሼ ልጅ ሆኑ። እኔም እንባዬ መጣ፤ ምን አስለቀሰኝ?

ከሰዓት የአንድ ወጣት ፀጉር ቆረጥኩ። ጨርሼ ጨርቁን ላነሣለት ስል ጋሼ እስክሪብቷቸውን ሲፈልጉ በመስታወቱ አየኋቸው። ልጁ ከሄደ በኋላ ቢጽፉልኝ ምን ያደርግለታል?
«ጋሼ፣ አሁኑኑ ይንገሩኝ።»
«እሱ እየሰማ?»
«እየሰማ።»
«ከኋላ በግራ በኩል ረዝሞ ቀርቷል።»
ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነታቸውን ነው። ልጁን ይቅርታ ጠይቄ መቀሱን መልሼ አነሣሁ።