በቀይ ገመድ ስለ ታጠረው የሾላ ሜዳ የሞት ደወል

ቢቸና፣ ኅዳር 1 ቀን

ለክቡር ዶክተር ሀብተ ሥላሴ
የብራና አድማስ የቅርስና የማኅበረሰብ ተሳትፎ ጥናት ማዕከል ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ከርሟል እላለሁ። ወገብዎን፣ ዓይንዎን፣ በተለይም ጆሮዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ። ጆሮዎን ለይቼ ማንሣቴ ባለፈው ጥቅምት 20 ቀን ሞጣ ላይ የማኅበረሰብ ሙዚየምዎን ሲመርቁ፣ ከአጠገብዎ የሆነውን ነገር የሰሙት ስላልመሰለኝ ነው።

አገሬ እባላለሁ። ቢቸና ከተማ መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። በነዚያ ዓመታት እንዳየሁት ከላይ ወደ ታች የሚላክ ደብዳቤ በዕለቱ ይደርሳል፤ ከታች ወደ ላይ የሚላከው ግን መንገድ ላይ ያረጃል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፍ መረጥሁ። አገር ሁሉ ካነበበው ከመካከሉ አንድ ሰው ለእርስዎም ያነብልዎታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የቆየ ልማዴ ስለሆነ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ባለፈው ግንቦት ሁለት ጀማሪ ተመራማሪዎች ስለላኩልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። አንደኛው ይታያል ይባላል፤ ቀልጣፋና አንደበተ ርቱዕ ወጣት ነው። ሁለተኛዋ መክሊት ትባላለች፤ ብዙ የምትሰማ፣ ጥቂት የምትናገር ልጅ ናት። ሁለቱም የማዕከሉን ሥልጠና ለመጨረስ ሙዚየምና ማኅበረሰብ እንዴት እንደሚቀራረቡ ማጥናት ነበረባቸው፤ ለዚህም ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው የትውልድ መንደሬ ሾላ ሜዳ ተመረጠች። እስከዚያ ቀን ድረስ ማኅበረሰብ መሆናችንን አናውቅም ነበር፤ ዝም ብለን ሰዎች ነን ብለን ነበር የምንኖረው። ስላሳወቁን ክብረት ይስጥልን።

በሾላ ሜዳ ገብርኤል ደጅ ሦስት የድንጋይ ደወሎች ከወይራ ግንድ ላይ በጠፍር ተንጠልጥለው ይኖሩ ነበር። ትልቁ የሚመታው ለቅዳሴ ነው። ትንሹ እሳት ሲነሣ ይመታል። መካከለኛው ሰው ሲሞት ብቻ ነው የሚነካው፤ ሁለት ጊዜ አከታትሎ፣ ከዚያ ቆየት ብሎ አንድ ጊዜ። ድምፁ ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ድረስ ይሰማል፤ የሰማውም ሁሉ የያዘውን ሥራ ጥሎ «ማን ይሆን?» እያለ ይመጣል። በእኛ አገር ሰው በሞተ ቀን ስለሚቀበር ከዚያ ድንጋይ የፈጠነ መልእክተኛ የለንም። ስልክማ አለን፤ ኔትወርኩ ግን እንደ ማዕከልዎ ኃላፊዎች ነው፤ እሱ ሲፈልገን እንጂ እኛ ስንፈልገው አይገኝም።

2. ስለ ተሳትፏችን። ይታያል ሕዝቡን በቀበሌው አዳራሽ ሰብስቦ ስለ ቅርስ ጥበቃ ሁለት ሰዓት አስተማረን። ሻይና ዳቦ ቀረበ። ከዚያም ወደ እኔ መጥቶ፣ «እትዬ አገሬ፣ እርስዎ የወረቀት ሰው ነዎት፤ ይቺን የስም መቆጣጠሪያ ያዙሩልን» አለኝ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ደስ አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ወረቀት አስይዞ የለመነኝ ሰው አልነበረም። መነጽሬን አድርጌ በየወንበሩ እየዞርሁ አርባ ሦስት ሰው አስፈረምሁ፤ መጻፍ የማይችሉትንም ጣታቸውን ይዤ ቀለም አስነካሁ። የቅኔው መምህር የኔታ ፍቅረ ሥላሴ ብቻ ብዕሩን እንደያዙ ቆዩ።

«አገሬ፣ ምን ላይ ነው የምፈርመው?» አሉኝ።

«መምጣትዎን ነው፣ የኔታ።»

«መምጣቴንማ ይኸው እያየሽኝ አይደለም?» ብለው ሳቁና ፈረሙ።

በሰኔ ወር መኪና መጣ። ይታያል ከመኪናው ወርዶ ለቤተ ክርስቲያኑ አለቃ አንድ ሰነድ አሳየ። በፊተኛው ገጽ ላይ፣ «የቅርሱን ናሙና ለማዕከሉ በፈቃዳችን ማስረከባችንን በፊርማችን እናረጋግጣለን» ይላል፤ ከሥሩ የእኛ አርባ ሦስት ፊርማ ተያይዟል። ሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀት ሳያይዝ ስኖር እንዲህ ያለ ንጹሕ አያያዝ አላየሁም። የስፌት ሽቦው እንኳ አልተጣመመም። ከሦስቱ ደወሎች መካከለኛው የተመረጠውም ትልቁ ለመሸከም ስለከበደ፣ ትንሹም ለዓይን ስላነሰ ነበር።

መክሊት በሰው ሁሉ ፊት፣ «ይታያል፣ ይሄ እኮ የሻይ ወረቀት ነው!» አለችው።

«ሪፖርቱ ላይ የሚታይ ነገር ከሌለ ተሳትፎው በምን ይለካል?» ብሎ መለሰላት። ድንጋያችን በፍራሽ ተጠቅልሎ ተጫነ። አለቃው ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ምነው ተናግረውኝ ቢሆን።

3. መክሊት በጥናቷ ውስጥ ደወሉ በሥራ ላይ ያለ ዕቃ መሆኑን፣ ፊርማው ለስብሰባው እንጂ ለርክክብ አለመሆኑን፣ ስለዚህም ቶሎ መመለስ እንዳለበት ጻፈች። ማዕከልዎም ጥናቷን መለሰላት። አሳይታኛለች፤ በዳሩ ላይ በቀይ ብዕር፣ «ስሜታዊ ነው፤ ከተጠኚው ማኅበረሰብ ጋር ሊኖር የሚገባው ርቀት አልተጠበቀም» ተብሎ ተጽፎበታል። ይታያል ግን ርቀቱን ጠብቆ በማዕከሉ ምርጥ የማኅበረሰብ ተሳትፎ ተመራማሪ ተብሎ ተሸለመ። እንኳን ደስ ያለው። ከእኛ ከተሳተፍነው መካከል ለሽልማቱ የተጠራ ባይኖርም በሩቁ አጨብጭበንለታል።

4. ጥቅምት 4 ቀን ማለዳ የኔታ ፍቅረ ሥላሴ ዐረፉ።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ትንሽ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ፤ ይህን ተራ ቁጥር በትሕትና ለመጻፍ ከሌሎቹ ይልቅ አስቸግሮኛል።

የኔታ ለአርባ ዓመት ያህል ቅኔ አስተምረዋል። በአካባቢው ያለ ቄስና መሪጌታ ብዙው የሳቸው ተማሪ ነው። ነፍሳቸው ስትወጣ እኅታቸው እትዬ ወለተ ሥላሴ ብቻቸውን ነበሩ። ለቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ላኩበት፤ እሱም ወደ ወይራው ሮጦ ሁለት ድንጋይና አንድ ባዶ ጠፍር አገኘ። ትልቁን ቢመታ ሰው የቅዳሴ መስሎት ሊዘገይ ነው። ሲጨንቀው ትንሹን መታው። አሥራ አንድ ሰው ጀሪካን ሙሉ ውኃ ተሸክሞ እያለከለከ መጣ። አገልጋዩ ወደ የኔታ ደጅ መርቷቸው እሳት ሲያጡ፣ እትዬ ወለተ ሥላሴ ከቤት ብቅ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ውኃውን አስቀምጡት፤ ለመግነዣው ይሆናል» አሏቸው።

አስከሬኑን የተሸከሙት የሚቀይራቸው አጥተው አራት ጊዜ መሬት አሳረፉት። የቀበሯቸው ሠላሳ አይሞሉም ነበር። በማግሥቱ ወሬው ሲዳረስ ከማዶ ሰው ይጎርፍ ጀመር። አካለ ወልድ የሚባሉ፣ የስድሳ ዓመት ሽማግሌ፣ የየኔታ የመጀመሪያ ተማሪ፣ መቃብሩ ላይ ተደፍተው፣ «እዚያ ተረተሩ ላይ ሣር ሳጭድ ነበር፤ ጥቂት ሰው ሲያልፍ አይቼ ሠርግ መሰለኝ» እያሉ አለቀሱ። እኔ ከቢቸና የደረስሁት በሦስተኛው ቀን ነው። የኔታ ጠይቀውኝ ነበር። ምን ላይ እንደሚፈርሙ ጠይቀውኝ፣ ሳላነብ መለስሁላቸው። ለዚህ ማዕከልዎን አልከስም፤ ይህ የራሴ ድርሻ ስለሆነ ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።

5. ስለ ምረቃው። የጥሪ ካርድ ስላልደረሰን ያለ ጥሪ መጣን፤ እትዬ ወለተ ሥላሴ፣ አለቃውና እኔ። በቀይ ገመድ ታጥሮ፣ መብራት ወርዶበት፣ «የጥንት የድምፅ መሣሪያ፤ አይነካም» ተብሎ ተጽፎበት አየነው። ጥንት ያላችሁት ባለፈው ፋሲካ ማግሥት የሰው ሞት የነገረንን ድንጋይ ነው። እርስዎ መድረኩ ላይ ቆመው «ቅርስ ያለ ማኅበረሰቡ ግዑዝ ነው» የሚለውን ያማረ ንግግር እያሰሙ ነበር። እውነትዎን ነው። የኔታ ቢኖሩ የዚያን ቃል ሰም ከወርቁ ለይተው ያስረዱኝ ነበር።

እትዬ ወለተ ሥላሴ ገመዱን ከፍ አድርገው በሥሩ ገቡ። ሰማንያ ዓመት ላለፋቸው ሴት ማጎንበሱ ቀላል አልነበረም። ከመቀነታቸው ውስጥ ጠጠር አውጥተው መቱት። ሁለት አከታትለው፤ ቆይተው አንድ።

ያ ቀን የገበያ ቀን መሆኑን ማን በነገራችሁ! ሙዚየሙ ደግሞ ከገበያው ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። የበር ጥበቃው ገብረ ሚካኤል የእኛው አገር ሰው ነው፤ እንዲያስቆማቸው ተጠቁሞ ሮጦ ደረሰ፤ ከደረሰ በኋላ ግን ኮፍያውን አውልቆ፣ «እማማ፣ ማን ነው የሞተው?» አላቸው።

«ወንድሜ ነው። ፍቅረ ሥላሴ።»

ከኋላው ከገበያ የመጣው ሰው በሩን ሞላው። ጨው የያዘ፣ ዶሮ የያዘ፣ ገብስ የተሸከመ። «የኔታ ናቸው!» ሲባል ያሳደጓቸው ደቀ መዛሙርት ከነሸክማቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። በዕለቱ ያልተለቀሰው ለቅሶ በዐሥራ ሰባተኛው ቀን በእርስዎ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ተለቀሰ። እንግዶችዎም የዝግጅቱ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ። ክቡርነትዎም አጨበጨቡ። አይቻለሁ።

ያላጨበጨበች መክሊት ብቻ ናት። አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን የማዕከሉን ባጅ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና መጥታ ከእትዬ ወለተ ሥላሴ አጠገብ ተቀመጠች። ማንነቷን ሳይጠይቋት፣ «አንቺ ደግሞ በየት ነው የምታውቂው?» አሏት።

«አላውቃቸውም እማማ። ዘግይቼ ነው የደረስሁት» አለች።

6. በማግሥቱ የማዕከሉ የፌስቡክ ገጽ እትዬ ወለተ ሥላሴ እያለቀሱ የተነሡትን ፎቶግራፍ «ማኅበረሰቡ ከቅርሱ ጋር ስሜታዊ ትስስር ሲፈጥር» በሚል አወጣልን። ከሦስት ወር በፊት በመክሊት ወረቀት ላይ ነውር የነበረው ስሜት በገጻችሁ ላይ ጌጥ ስለሆነ ደስ ብሎናል። ሁለት ሺህ ሰው ወዶታል። ለመቃብሩ ሠላሳ ሰው ላጡ ሰው ይህ መጽናኛ እንደሚሆን ስላሰባችሁ ምን ልበል፤ ያላሰባችሁትን እግዚአብሔር እንዲያሳስባችሁ እጸልያለሁ። ለመክሊት ግን «የማዕከሉን ገጽታ በሚጎዳ ተግባር» የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፎላታል። ደወሉ እንዲመለስ አለቃው ለጻፉት ማመልከቻም፣ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ እንደሚቋቋም፣ ኮሚቴውም ወደፊት ማኅበረሰቡን እንደሚያሳትፍ ተገልጾ መልስ መጥቷል። እባክዎን፣ ስለ እመቤታችን፣ ከዚህ በላይ አታሳትፉን።

የምንጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ድንጋዩ በወሰደው መኪና ወደ ወይራው ይመለስ። የመክሊት ጥናትም በቀይ ብዕር ሳይሆን በዓይን ይነበብ። እሷ እንደሆነች ባለፈው ሳምንት ያለ ባጅ ተመልሳ መጥታ ሾላ ሜዳ ከእትዬ ወለተ ሥላሴ ዘንድ ሰንብታለች። የኔታ ያስተማሯቸውን ሰዎች ስም ከአፋቸው እየሰማች ትጽፋለች። እኔም የጻፈችውን ከፍ ባለ ድምፅ አነብላቸዋለሁ፤ ማንም ሰምቶ ሳይጨርስ አይፈርምም።

የማዕከሉን መሰላል በፍጥነት የወጡ እግሮችዎ አንድ ቀን ወደ ሾላ ሜዳ ለመውረድ እንዲበረቱ እየተመኘሁ፣ ለሰጡን ዕውቅና፣ ለነሡን ደወል፣ ለጭብጨባውም ጭምር ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሳታነብ ያስፈረመችው፣
አገሬ
የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ቢቸና

ግልባጭ፦
ለአርባ ሁለቱ ፈራሚዎች በያሉበት። አርባ ሦስተኛው ዐርፈዋል።

ማስታወሻ፦ የየኔታ አርባ ኅዳር 13 ቀን ይውላል። ደወሉ እስከዚያ ካልተመለሰ፣ እትዬ ወለተ ሥላሴ ተዝካሩን እሱ ባለበት በአዳራሽዎ ሊያደርጉ ወስነዋል፤ ጠላው ተጠንስሷል፣ ካህናቱም ተነግሯቸዋል። የማዶዎቹን ሳንጨምር አራት መቶ ሰው እንጠብቃለን። ጫማ የሚወልቅ ከሆነ አስቀድመው ያሳውቁን።