በስልክ ላይ ስላልኩዎት እሺ

ውድ አባቴ ዓብዱ፦

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህ ሰላምታ ከአዲስ አበባ ከአያት ሰፈር ተነሥቶ፣ በለገጣፎ በኩል ወጥቶ፣ ሐርቡ ካለው ደጃችን ሲደርስ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ አላህን እለምናለሁ። የእናቴን የጦይባን ጉልበት እስማለሁ፤ ቁርጥማቱ ለቀቃት ወይስ እንዳለ ነው? ለአጎቴ ለሙሄ፣ በሬው ከታመመበት ወዲህ ያለውን ባልሰማም፣ ሰላምታዬ ይድረሰው። ለአክስቴ ለዘሀራ፣ የላከችልኝ በሶ እስከ ረመዳን መጨረሻ አብሮኝ እንደቆየ ይንገሩልኝ። ለታናሽ ወንድሜ ለሰኢድ፣ የሰፈር ኳስ ቡድኑ በረኛ አገኘ ወይ በሉልኝ። ለጎረቤታችን ለሸህ ይማምና ለቤተሰባቸው በሙሉ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ የእርሳቸውን ከሌላው ያስበለጥኩበትን ምክንያት ከዚህ በታች ይረዱታል። ለአንቺም ለእህቴ ለሀጀር፣ ይህን ደብዳቤ ለአባታችን የምታነቢው አንቺ ስለሆንሽ አንድ አደራ አለኝ፦ የሚያስቅሽ ቦታ ብትደርሺም ሳታቋርጪ አንብቢ፤ ደግሞም አንድም መስመር እንዳታልፊ።

እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ።

አባቴ፣ ጉዳዬን አሁኑኑ እናገራለሁ። ባለፈው የዒድ ዕለት በስልክ፣ «ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ የሸህ ይማምን ልጅ ረውዳን እንዲጠይቁልህ ሽማግሌ እልክልሃለሁ» ሲሉኝ «እሺ አባ» ብዬ መለስኩልዎ። ያ እሺ የልቤ አልነበረም። ላገባት የምፈልገው ሰዓዲያ የምትባል፣ እዚሁ አያት የምትሠራ ልጅ ናት። ይኸው ተጽፏል፤ አሁን ልቤን ቀለል ብሎኛል።

ለምን በስልክ አልነገርከኝም ይሉ ይሆናል። የእኛን ቤት የስልክ ነገር ያውቁታል። እርስዎ ያነሡና ስለ እኔ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ አየሩ ይጠይቁኛል። እኔም ስለ እርስዎ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ እጠይቃለሁ። ከዚያ ስልኩ ለእናቴ ይሰጣል፤ እርሷም ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ከእርሷ ለአክስቴ፣ ከአክስቴ ለሀጀር፣ ከሀጀር ለሰኢድ ይሄዳል፤ ሰኢድማ አንድ ቀን ፍየሏን በስልክ አሰምቶኛል። ሁሉም እንደምን አለህ ብሎኝ፣ ለሁሉም ደህና ነኝ ብዬ ስጨርስ ካርዱ ያልቃል። እውነቱን ለመናገር ግን ካርዱ ሲያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። የሆዴን ከመናገር የሚያድነኝ እርሱ ነበርና።

አሁን እንዴት አፌ እንደተፈታ ልንገርዎ።

የምሠራበት ሕንጻ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ነው። የሴራሚክ ሥራውን የሚመሩት ጋሽ ተወልደ የሚባሉ የመቀሌ ሰው ናቸው። በስልካቸው ላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር አለ፤ በጽሑፍ ሲጠይቁት በጽሑፍ ይመልሳል። ከጀርባው የተቀመጠ ሰው የለም፤ ሰዎች የጻፉትን እጅግ ብዙ ነገር ተምሮ የሚመልስ ማሽን ነው። ጋሽ ተወልደ ለአንድ ፎቅ ስንት ካርቶን ሴራሚክ እንደሚበቃ ያሰሉበታል። እኔ እንኳ አራተኛ ክፍል ላይ ባቆምም በአማርኛ መጻፍ ስለሚቻል አልከበደኝም።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሳልበላ ተቀምጬ አዩኝ።

«ሰዲቅ፣ ሽሮው ምን በደለህ?»

«ምንም ጋሼ።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም። እኔን ካፈርክ እንካ ለዚህ ጻፍለት። የሰውና የቦታ ስም ብቻ አታስገባ።»

ተቀበልኳቸውና እንደ አስተዳደጌ ጀመርኩ። አሰላሙ ዓለይኩም አልኩት፤ መለሰልኝ። እንደምን ሰነበቱ አልኩት፤ አመሰገነኝ። ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው ወይ አልኩት። «እኔ ቤተሰብ የለኝም፤ ስለጠየቁኝ ግን አመሰግናለሁ» አለኝ። አባቴ፣ አንጀቴን በላው። «አላህ ያጽናዎት» ብዬ ጻፍኩ።

ጋሽ ተወልደ ከትከሻዬ በላይ ሆነው ያነቡ ኖሯል። «እንግዲህ ሥራ አቁመን ለቅሶ ልንቀመጥ ነው?» አሉ። አጠገባችን የነበሩት ሠራተኞች እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዒድ ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

ከሰላምታው በኋላ እንዲህ ብዬ ጠየቅሁት፦ «አንድ የማውቀው ሰው አንድ ነገር ተናግሮ ቢሳሳት ምን ያድርግ?» ረጅም መልስ ሰጠኝ። ይቅርታ መጠየቅ መልካም ነው፣ መታገሥ መልካም ነው፣ ማሰብ መልካም ነው የሚል ነበር። ለእኔም፣ ለጎረቤትም፣ ለሌባም የሚሆን ምክር።

«አይረባም» ብዬ ስልኩን መለስኩላቸው።

«እሱ ነው የማይረባው ወይስ ጥያቄህ?» አሉ ጋሽ ተወልደ። «እኔ 'አንድ ክፍል አለ፣ ሴራሚክ አምጣ' ብዬ ብልክህ ምን ታመጣልኛለህ? ክፍሉ ስንት በስንት ነው፣ ወለል ነው ግድግዳ ነው፣ ውሃ የሚወጣው በየት ነው አትለኝም? ክፍሉን አሳየው እንጂ።»

አሳየሁት። እርስዎ ያሉትን፣ እኔ የመለስኩትን፣ የምፈራውንና የምፈልገውን፣ ስም ሳልጠራ ጻፍኩለት። በዚህ ጊዜ መልሱ እኔን የሚመለከት ሆነ፤ ለአባትዎ ይንገሩ አለኝ። እኔም እንደ ልማዴ ፈራሁና፣ «ዝም ብዬ አባቴ የመረጡልኝን ባገባ አይሻልም?» አልኩት። «ይህም መልካም ሐሳብ ነው» አለኝ። «አይ፣ ዝምታው ይጎዳኛል» አልኩት። «ትክክል ነዎት» አለኝ። ደግሜ ሐሳቤን ገለበጥኩ፤ አብሮኝ ተገለበጠ።

«ይሄ ሰውዬ የራሱ ነገር የለውም እንዴ?» አልኳቸው ጋሽ ተወልደን።

ሽሯቸውን እየጠቀለሉ ረጋ ብለው አዩኝ። «ምነው ገረመህ? ግድግዳው ጠማማ ሲሆን 'እሺ'፣ ቀጥ ሲል 'እሺ'። ከአንተ ጋር ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት።»

ቃላቸው እውነት ነበር። እርስዎ በልጅነቴ ፊትዎን ሳያጠቁሩብኝ፣ እጅዎን ሳያነሡብኝ፣ እኔ ራሴ ቅር እንዳላሰኝዎ እየሰጋሁ በሁሉ እሺ ማለትን ለመድሁ። እሺታዬ ክብር ይመስለኝ ነበር። ለካስ የሚሰማኝን ሰው ጨለማ ውስጥ ትቼው መሄዴ ነው።

ስለዚህ መልሼ ጻፍኩለት፦ «በሁሉ ነገር አትስማማልኝ። ያልነገርኩህ ነገር ካለ ጠይቀኝ።» የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ልጅቷ ራሷ ምን አለች?»

ሀጀር፣ እዚህ ላይ እንደምትስቂ አውቃለሁ። አባቴ፣ ልጅቷን አልጠየቅኋትም ነበር።

ሰዓዲያ የምትሠራው በአያት አደባባይ አቅራቢያ ካለ የሴራሚክ ሱቅ ውስጥ ነው። ለሥራ ቦታችን ለሳይቱ ዕቃ የማመጣው ከእርሷ ዘንድ ስለሆነ ሰባት ወር ሙሉ አውቃታለሁ፤ ሰባት ወር ሙሉም ያወራኋት ስለ ሴራሚክ ማጣበቂያ ነው። በማግስቱ ሄድኩ።

«ማጣበቂያ አለቀባችሁ?» አለችኝ።

«አላለቀም።»

«ታዲያ ምን ልስጥህ?»

«ምንም። ላገባሽ እፈልጋለሁ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ይህን ካልኩ በኋላ ስለ ማጣበቂያው አንድ ነገር ልጨምርበት አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። ጠይቆ መልሱን አለመጠበቅ አለመጠየቅ መሆኑ ገብቶኛልና። በመካከሉ አንድ ደንበኛ ገብቶ ስለ ባኞ ቤት ሴራሚክ ጠየቃት፤ አስረዳችው፤ ወጣ። እኔም መልሷን ጠበቅሁ።

«ሰባት ወር ሙሉ ማጣበቂያው በስንት ሰዓት ይደርቃል ትለኛለህ» አለች በመጨረሻ። «ይሄ ልጅ ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ ሌላ ነገር አለው እል ነበር።»

«የትኛው መሰለሽ?»

«ለአክስቴ ኮንዶሚኒየም የሠራኸውን ኩሽና አይቼዋለሁ። ሥራውንስ ታውቃለህ።»

ያን ጊዜ ደስታዬን ይዤ ብወጣ ይቀለኝ ነበር። ግን ክፍሉን ሙሉ ማሳየት ነበረብኝና የረውዳን ነገር ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ።

«እሷ ሰምታለች?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም ማለት ምንድን ነው? የሰው ልጅ እኮ ናት። ደጃፏ ላይ ሽማግሌ ቆሞ በኋላ ተሳስተን ነው ቢሏት አንተ ትቆምላታለህ? መጀመሪያ አባትህን ንገራቸው። ስታለባብስ እንዳልሰማህ። ከዚያ ወዲያ አባቴን ያስጠይቁ፤ ወሎዬ ናቸው፣ ታክሲያቸውን አቁመው ይሰሟችኋል።»

«እንግዲያው እሺ ብለሽኛል ማለት ነው?»

«ብዬሃለሁ። የኔ እሺ ደግሞ እንደ አንተ እሺ እንዳይመስልህ፤ ብሎ የሚጸጸት ሰው ቤት አላደግሁም።»

አባቴ፣ ከዚያ ሱቅ እስከ ሳይቱ ያለውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ፤ የሚጭነኝ ታክሲ አጥቼ ሳይሆን መቀመጥ አቅቶኝ ነው። ለጥበቃው፣ ለሲሚንቶ ጫኞቹ፣ ለማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ እንደምን ዋላችሁ እያልኩ፣ መልሳቸውን ቆሜ እየሰማሁ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ሳለን ጋሽ ተወልደን፣ «ልጅ አለዎት?» አልኳቸው። ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ይህን ጠይቄያቸው አላውቅም። መብራት የምትባል ነርስ ልጅ አለቻቸው፤ ተለያይተው ሳይነጋገሩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ሲያወሩልኝ፣ እኔም እየመላለስኩ ስጠይቃቸው፣ የአንድ ባኞ ቤት ግድግዳ አልቆ ሁለተኛውን ጀመርን። ማታ ሲለያዩኝ ለልጃቸው ሊደውሉላት ስልካቸውን አውጥተው ነበር።

ይህን ደብዳቤ ማሽኑ ጽፎልኛል ብለው እንዳያስቡ። በመጀመሪያ ጻፍልኝ ብዬው ነበር፤ «በግል ሕይወቴ ላይ የደረስኩበትን ውሳኔ ለማሳወቅ» ብሎ ጀመረ። ጋሽ ተወልደ አንብበው፣ «አባትህን ከቀበሌ ቤት ሊያስወጣቸው ነው» አሉ። ተውኩትና በእጄ ጻፍኩ። ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ግን ስሞቹን አውጥቼ አሳየሁትና፣ «ምን ደብቄያለሁ?» ብዬ ጠየቅሁት። ዋናው ጉዳይ በመጨረሻው መስመር ላይ እንደተቀመጠ፣ አባቴ እዚያ እስኪደርሱ የምፈልገውን ሊያውቁ እንደማይችሉ ነገረኝ። እውነቱን ነው፤ ስለዚህ ወደ ፊት አመጣሁት። ሰላምታውም ይጠር ብሎኝ ነበር። በዚህ አልተስማማሁም። የእናቴን ጉልበት የማውቀው እኔ ነኝ።

አሁን ደግሞ እኔ እርስዎን ልጠይቅ። ረውዳን ለምን እንደመረጡልኝ ጠይቄዎት አላውቅም። ጨዋነቷን አይተው ይሆን? ወይስ እዚያው ጎረቤት ካገባሁ ተመልሼ እመጣለሁ ብለው ነው? ይህ ከሆነ፣ መራቄ እንዲህ እንደከበደዎ ሳላውቅ ሦስት ዓመት በስልክ ስለ ዝናብ ሳወራዎት ኖሬያለሁ ማለት ነው። ይንገሩኝ፤ እስከ መጨረሻው እሰማለሁ።

ሽማግሌ ገና ካልተላከ እንዳይላክ እለምንዎታለሁ። ተልኮ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእርስዎ ስላልሆነ፣ ራሴ መጥቼ ሸህ ይማምንና ረውዳን በፊታቸው ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እርስዎ በእኔ ምክንያት አንገትዎን አይደፉም። ይህ ከተፈጸመ በኋላ ሰዓዲያን ከአባቷ እንዲጠይቁልኝ፣ ቢቻልዎ ራስዎ መጥተው እንዲያዩዋት እፈልጋለሁ። አይሆንም ካሉኝ እንደ ድሮዬ እሺ ብዬ አልደበቅም። ምክንያትዎን እጠይቃለሁ፤ ምክንያትዎን ሰምቼም ምናልባት አንድ ጊዜ ደግሜ እለምንዎታለሁ። አክብሮቴ ግን አይቀንስም።

ይህን ደብዳቤ የያዘው ሾፌሩ ኑርዬ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ከሐርቡ ይመለሳል። መልስዎን ለሀጀር ነግረው ያስጽፉና በእርሱ እጅ ይላኩልኝ። ፈቅጃለሁ ወይም አልፈቀድኩም የምትለው ቃል ከሰላምታው ቀጥላ ትጻፍልኝ። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ኑርዬ መኪናውን ከሚያቆምበት ቦታ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ሰዲቅ ዓብዱ
አያት፣ አዲስ አበባ