ሉዚራ የዋልኩባቸው አምስት ቀናት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለአባቴ ለአቶ መሸሻ፤

አባባ፣ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የኅዳር ብርድ ሲገባ የቀኝ ጉልበትዎ እንደሚነሣብዎት አልረሳሁም። አለምዘውድ የገዛችልዎትን የሱፍ ካልሲ ያጠልቁታል ወይስ አሁንም ለክፉ ቀን ይቀመጥ ብለው ሳጥን ውስጥ ከተውታል? ዐይንዎስ? መነጽሩ ተቀየረ? ምግብ በሰዓቱ ይበላሉ? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር በአካሌ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። «በአካሌ» ማለቴን ሲያነቡ መነጽርዎን ወደ ግንባርዎ ገፋ አድርገው፣ ይሄ ልጅ ደግሞ ምን ሊለኝ ነው እንደሚሉ አውቃለሁ። ልክ ነዎት፤ የምልዎት ነገር አለኝ።

በየሳምንቱ እሑድ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ መጻፌ ይገርምዎት ይሆናል። በስልክ ልነግርዎት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ካምፓላ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። ወረቀት ግን አያቋርጠኝም፤ ደህና ነህ ወይ ብሎም አይጠይቀኝም። በዚያ ላይ ከእርስዎ የምፈልገው ማኅተም ያረፈበት ነገር ነው፤ እሱን ወደ መጨረሻው እነግርዎታለሁ።

ስለ ሥራዬ በደንብ አስረድቼዎት አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ነው የምሠራው ስልዎት ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ያስተምራል ብለው አውርተዋል አሉ። አላስተምርም፣ አባባ። ዩኒቨርሲቲው ካምፓላ የሚኖሩ ስደተኞች ሲታመሙ እንዴት እንደሚታከሙ የሚያጠና ፕሮጀክት አለው። ገንዘቡ የሚመጣው ከውጭ አገር ለጋሽ ነው። እኔ ታብሌቴን በቦርሳዬ ይዤ፣ አንዳንዴ በታክሲ፣ አንዳንዴ ቦዳ በሚሉት ሞተር ሳይክል ላይ ተፈናጥጬ፣ የአገራችንን ሰዎች እየዞርኩ እጠይቃለሁ። ይህ ከመቶ ስልሳው ጊዜዬ ነው። በቀረው አርባ ደግሞ ዲፓርትመንቱ ኮምፒውተር ክፍል ተቀምጬ ተማሪዎችን አግዛለሁ።

የደመወዛችን አከፋፈል ሳያስቅዎት አይቀርም። የእርስዎ ፋብሪካ አንድ በርና አንድ ፔሮል ነበረው፤ በበሩ የገባ ሁሉ የፋብሪካው ሰው ነበር። እዚህ አንድ ሰው ወረቀት ላይ ተከፋፍሎ ነው የሚኖረው። ለጋሹ ለእኔ ሥራ ላልዋለ ሰዓት አልከፍልም ይላል፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጋሹ የሚከፍለውን እኔ ደግሜ አልከፍልም ይላል። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ ታይምሺት የሚባል ቅጽ እንሞላለን፤ በእያንዳንዱ ቀን ስንት ሰዓት ለፕሮጀክቱ፣ ስንት ሰዓት ለዲፓርትመንቱ እንደሠራን። አለቃችን ፕሮፌሰሯ እንኳ ሩብ ደመወዟ ከፕሮጀክቱ፣ ሌላው ከማስተማሯ ስለሆነ እንደ እኛው ቁጭ ብላ ትሞላለች። በእኛ ቅጽ ላይ ትፈርማለች፣ እኛም እውነት መሆኑን በፊርማችን እናረጋግጣለን፣ ደመወዙም በዚያው ልክ ይከፈላል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ፋብሪካ በር ላይ ሰዓት የተቆጣጠሩት እርስዎ ስለሆኑ ይህን ከማንም በላይ ይረዱታል። አለምዘውድ የተወለደች ዕለት እማማን ሆስፒታል አድርሰው ሲመለሱ አርባ ደቂቃ አርፍደው፣ ማንም ሳይጠይቅዎት ከራስዎ ስም ፊት በቀይ ቀለም «አርፋጅ» ብለው መጻፍዎን እማማ ስንቴ አውርታልናለች! አንድም ቀን ሳትስቅ ጨርሳው አታውቅም። እኔም የሰው ፊርማ ምን ማለት እንደሆነ ያወቅኩት በዚያ ወሬ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ፣ አባባ፣ የእርስዎ ልጅ ሆኜ ታይምሺቴ ላይ ዋሸሁ።

መጋቢት ዘጠኝ ማክሰኞ ነበር። ጠዋት ቡጎሎቢ ፎቆቹ ጋ ከአንዲት ሴት ጋር ቀጠሮ ነበረኝ። አለምዘውድ የደወለችልኝ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው። ምን እንዳለችኝ እርስዎ ያውቁታል፤ አጠገቧ ቆመው ነበር። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ተቀመጥኩ። ቡጎሎቢ ደረስን፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ፣ እኔ አልወረድኩም። ታክሲው መጨረሻው ሉዚራ፣ ፖርት ቤል ወደቡ ጋ ነው። ኮንዳክተሩ እዚህ ያበቃል ሲለኝ ወረድኩና እግሬ ወደ ሐይቁ ወሰደኝ። የተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀመጥኩ። ከፊቴ ጆንያ ከመርከብ ያወርዳሉ፤ በጎን ሴቶች ትንንሽ ዓሣ ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ። ማንም ምን ሆነህ ነው አላለኝም። እዚያ ተቀምጦ ውሃ የሚያይ ሰው ብዙ ነው።

ለማን ልንገር ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ስም በስም ቆጠርኩ። ካምፓላ ውስጥ እማማን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም፣ አባባ። ድምፅዋን የሰማ፣ ስትቆጣ ነጠላዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ስታዛውር ያየ፣ በእጇ የጎረሰ አንድም የለም። ብነግራቸው ይመጣሉ፤ ሰዎቹ ደጎች ናቸው። ግን የሚያዝኑት ለእኔ ነው፣ ለእሷ የሚያለቅሰው እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ሳስብ ሆድ ባሰኝ። የስደተኛ ወረቀቴ አገር አያስገባኝም፤ እዚህ ደግሞ አብሮኝ የሚያስታውሳት የለም። የዚያም አገር የዚህም አገር ሰው እንዳልሆንኩ ሆኜ መሐል ላይ ቀረሁ።

በማግሥቱም ሄድኩ። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ከዚያም ሰኞ። አከራዬ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ እንዳይገባት በሰዓቴ ልብሴን ለብሼ፣ ቦርሳዬን ይዤ እወጣለሁ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እመለሳለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ሮሌክስ፣ ያንን በቂጣ የሚጠቀለል እንቁላላቸውን፣ እገዛና ግማሹን እተወዋለሁ። ሥራውን አልበላሁም፤ ያመለጡኝን ቀጠሮዎች በተከታዮቹ አምስት ቅዳሜዎች ሠርቼ ጨርሻለሁ። ወሩ ሲያልቅ ግን ታይምሺቱ ላይ በአምስቱም ቀን ትይዩ «መስክ ሥራ፣ ሉዚራ፣ ስምንት ሰዓት» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ፕሮፌሰሯም አምናኝ ፈረመች።

ሁለተኛውን ውሸት ለእርስዎ ነው የዋሸሁት። ሐሙስ ዕለት ደውለው ሰው አጠገብህ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔም ቤቱ በሰው ሞልቷል፣ አብራኝ የምትሠራው ሱዓድ ከአጠገቤ አልተለየችም፣ ድንኳን ሁሉ ተጥሏል አልኩዎት። እርስዎም ጫጫታው ይሰማኛል፣ ተመስገን፣ ሰው ካለህ እኔም ቀለል ይለኛል አሉኝ። ያ የሰሙት ጫጫታ ለቅሶ ደራሽ አልነበረም። ጆንያ የሚያወርዱት ሰዎች ናቸው። ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ።

አሁን ሁለቱም ውሸት በአንድ ላይ ወጣ። የፕሮጀክቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ስላለቀ ኦዲተሮች ሊመጡ ነው። ለሦስት ዓመት የሚቆይ ሁለተኛ ምዕራፍም አለ፤ የሚቀጥሉት ሠራተኞች ስም እየተዘጋጀ ነው። ከኦዲተሮቹ በፊት የለጋሾችን ገንዘብ የሚከታተለው የዩኒቨርሲቲው ጽሕፈት ቤት የእያንዳንዳችንን ታይምሺት ከታብሌቱ ጋር ያገናዝባል። ታብሌቱ እያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት እንደተደረገ ይመዘግባል። ይህን አውቅ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ትዝ አላለኝም። ናንቴዛ የምትባል የቢሮው ሠራተኛ ጠራችኝ። ትልቅ ሴት ናት፣ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ነው የምትሠራው፤ እርስዎን ነው የምታስታውሰኝ። ወረቀቱን አዙራ አሳየችኝና በእነዚህ አምስት ቀናት አንድም ቃለ መጠይቅ የለም፣ ሰዓት ባልሞላህባቸው አምስት ቅዳሜዎች ደግሞ አለ፣ እነዚህን ቀናት የት ነበርክ አለችኝ።

ሉዚራ ነበርኩ አልኳት። እውነቴን ነው። ሉዚራ ምን ስትሠራ አለችኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ አውጥቼ፣ እናቴ ሞታ ነበር አልኳት። በአማርኛ እንኳ ለማንም ብዬው አላውቅም ነበር። ናንቴዛ እርሳሷን አወረደች። ኪታሎ፣ ኪታሎ ንዮ አለችኝ፤ እነሱ ለሐዘንተኛ የሚሉት ነው። ከዚያም ተቆጣችኝ። ለወላጅ ቀብር አምስት የሥራ ቀን ፈቃድ እንዳለ አታውቅም ወይ አለችኝ። አላውቅም ነበር። በለጋሽ ገንዘብ የሚሠራ ሰው ሐዘን የሚፈቀድለት አልመሰለኝም። ቅጹ ላይ ለፕሮጀክት አንድ ሣጥን አለ፣ ለዲፓርትመንት አንድ ሣጥን አለ፤ የእማማን ከየትኛው ላድርገው?

ለካ እሱም ታስቦበታል። የሐዘን ፈቃድ እንደ ደመወዛችን ተከፋፍሎ ይመዘገባል። ናንቴዛ እያስረዳችኝ እዚያው ጻፈችው፤ የአምስቱ ቀን ሐዘን ከመቶ ስልሳው በፕሮጀክቱ፣ አርባው በዲፓርትመንቱ። ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ ሴትዮዋ ተነሥታ በሩን ዘጋችልኝ። ከአገሬ የወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እንደዚያን ቀን አልቅሼ አላውቅም። ለእማማ ያለቀስኩት የደመወዝ ቢሮ ውስጥ፣ ከፋይል መደርደሪያ ፊት ነው። በቤትዎ፣ በሰዎችዎ መሐል ማልቀስ ይገባኝ ነበር።

ወሬው ሱዓድ ጋ ደረሰ። የሐረር ልጅ ናት፤ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን መጥታ፣ ስምንት ወር አጠገቤ ተቀምጠህ አንዲት ቃል ሳትነግረኝ፣ እኛ ድንጋይ ነን ወይ ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ እናትህ ምን ዓይነት ሴት ነበረች ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ነጠላዋ ነገርኳት፣ ስለ ቀይ ቀለሙም ነገርኳት፤ ሳቀች። እማማ ካረፈች ወዲህ በእሷ ወሬ የሳቀ ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ቢሆንም ማታ ክፍሌ ስገባ ያው ነኝ፣ አባባ። አልደብቅዎትም። በሩን ስከፍት ማንም አይጠብቀኝም።

እንግዲህ የምለምንዎት ይኸው ነው። ታይምሺቱ ኦዲተሮቹ ሳይመጡ፣ እስከ ታኅሣሥ አምስት ድረስ፣ ከታረመ ጥፋቱ ስሕተት ተብሎ ይታለፋል። ካልታረመ ስሜ ከሁለተኛው ምዕራፍ ይሰረዛል፤ የፈረመችልኝ ፕሮፌሰርም ያላየችውን ፈረመች ተብላ ትጠየቃለች። እሷን በእኔ ጥፋት ማስጠየቅ ከሥራው ይበልጥ ይከብደኛል። ለማረም የእማማን ማረፍና የቀብሯን ቀን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለው ማስረጃ ያስፈልጋል። ከቀበሌ ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ ያገኙታል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ የሱዓድ ወንድም ረድዋን ነው፤ በኅዳር መጨረሻ ስለሚመለስ ለእሱ ይስጡልኝ። ታዝበውኝ ዝም ቢሉኝም አልፈርድብዎትም፤ ግን ይላኩልኝ።

አለምዘውድን ዐይኗን ይሳሙልኝ። ያን ቀን ስልኩን ያለ አንድ ቃል የዘጋሁባት ጠልቻት እንዳልሆነ ይንገሩልኝ። ልጇ ሄቨንስ ስንተኛ ክፍል ገባች? አጎቷ ከሐይቁ ዳር የለቀማቸውን ሦስት ዛጎሎች ልኮላታል፤ ረድዋን ይዞላታል። እማማን በአልጋ ተሸክሞ ሆስፒታል ያደረሰልኝን የጎረቤታችንን የጋሽ ታፈሰን ጉልበት በእኔ ምትክ ይሳሙልኝ። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስም ሳታውቅዎት ሰላም ብላዎታለች።

አንድ ነገር ቀረኝ። አለምዘውድ ሰሞኑን ስታጫውተኝ፣ የቀብሩ ዕለት የድሮ ደብተርዎን ይዘው በር ላይ ተቀምጠው የመጣውን ሰው ስም አንድ በአንድ ሲጽፉ ውለዋል አለችኝ። ሰው ሁሉ ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጣ እንዴ ብሎ ፈርቶ ነበር፤ እኔ ግን ገባኝ። ከስሞቹ ሁሉ በላይ የመጀመሪያውን መስመር ባዶ ትተዋል አለች። ለምን ብላ ስትጠይቅዎት ደብተሩን ዘጉት።

የማን መስመር እንደሆነ አውቃለሁ፣ አባባ። አይተዉት። ስሜን ከነስምዎ ይጻፉበትና፣ ለራስዎ እንዳደረጉት በቀይ ቀለም፣ ከፊቱ «ቀሪ» ይበሉ።

ልጅዎ ይመር መሸሻ

ካምፓላ፣ ናጉሩ
ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.