የጋሼ ኸይሩ ምልክት በሰሚራ ስልክ ውስጥ

ሰኞ

ሰሚራዬ፣ አሁን እንኳን እመኚኝ። ማርያምን አልሸጥኩትም! ስልክሽ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ሄደ። የዣንጥላሽ ጊዜ ዋሽቼሻለሁ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ስወርድ ታክሲ ላይ ረስቼው ነው ተሰረቀ ያልኩሽ። ይሄ ግን እውነቴን ነው። ከቡታጅራው ሰርግ ስትመለሺ ይሄን የምጽፍበትን ደብተር እሰጥሻለሁ፣ ፊትሽን እያየሁ መናገር አልችልም።

እትዬ ብርቄ በርበሬ ስንቀነጥስ ስልክ ካዩ ከሥራ ያባርራሉ፣ ታውቂያቸዋለሽ። ኪሴ እንዳልከተው ሌባው። ባዶ ጆንያ ውስጥ ከተትኩትና አጣጥፌ ተቀመጥኩበት። ውሃ ልጠጣ ተነሳሁ፣ ወረፋው አቆየኝ። ስመለስ ጆንያው የለም! ለካ የገዢ ጆንያ ነው። ሞልተውት፣ ሰፍተውት፣ ተሸካሚው ተሸክሞት ሲታጠፍ አየሁት። ሮጥኩ። በሰው መሃል ጠፋኝ። ያየሁት ጆንያው ላይ የተቀባውን ብቻ ነው፣ ሦስት ማዕዘን፣ ከስሩ ነጥብ። የማን እንደሆነ እኔ ምን አውቄ።

በትንሿ ስልክሽ ደወልኩ፣ ቡታጅራ ኔትወርክ የለም መሰለኝ። ሲምሽን ይዘሽ ስለሄድሽ የጠፋው ላይ መደወል አይቻልም። ስልሳ ሁለት ቀን ሳታቋርጪ የገባሽበት ጌም! ቆጠራው እንዳይቋረጥ "በቀን አንዴ ብቻ ክፈቺልኝ" ነበር ያልሽኝ። እሱን እንኳን አልቻልኩም።

ማክሰኞ

ዛሬም ሥራ ገባሁ። እየቀነጠስኩ ጌምሽን አስባለሁ። የሰበሰብሽው ሦስት መቶ ምናምን እንስሳ፣ ግማሹ መልኩ አንድ ዓይነት። እኔ ብሆን አብድ ነበር። አንቺ ግን እዚህ በርበሬ ገበያ ነጋዴው ጆንያው ላይ እንደሚቀባው፣ ተሸካሚው ሳያነብ እንደሚለየው፣ በስማቸው ፈንታ ምልክት ጻፍሽላቸው። ኮከብ ለውጊያ። ክብ እንዳይነካ። ሁለት ጭረት ከሰው ጋር የሚቀየር። ማን አስተማረሽ? ሦስተኛ ክፍል እኮ ነው ያቆምሽው፣ እንደኔው። የተማረ ሰው እንኳን ይሄን አያስበውም።

ከዛ ትዝ አለኝ!! ያ ሆዱ ቢጫ፣ እንቅልፋሙ እንስሳ። ሦስት ማዕዘን፣ ከስሩ ነጥብ! "ጋሼ ኸይሩን አይመስልም? ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው ሲያንኮራፉ" ብለሽ የሳቸውን የጆንያ ምልክት ጽፈሽለት ስንስቅ እትዬ የጮሁብን ቀን። የነጋዴው የጋሼ ኸይሩ ምልክት ነው!

በረርኩ። መጋዘናቸው ተዘግቷል። ጎረቤታቸው "ነገ ከሰዓት በርበሬው ወደ ወፍጮ ቤት ይጫናል" አለኝ።

ወፍጮ። ስልክሽ ሊፈጭ ነው!

ረቡዕ

እትዬን አሞኛል ብዬ (ውሸት ነው፣ ቁጠሪው) በጠዋት ሄድኩ። ጋሼ ኸይሩ አሉ፣ ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"በርበሬ ስልክ ማፍራት የጀመረው መቼ ነው?" አሉ። ተሸካሚዎቹ ሳቁብኝ።

"ጋሼ፣ በልጆችዎ! ስልኩ የሰው ነው።"

"የሰኞዎቹ ዘጠኝ ናቸው። ራስሽ ፈትተሽ ራስሽ ትሰፊያለሽ።"

ፈታሁ። እስከ ብብቴ እየከተትኩ፣ እያስነጠስኩ፣ ዓይኔ እየነደደ። ሰባተኛው ላይ ጠጠር ያለ ነገር ነካሁ። እልልታዬ አመለጠኝ!

ይሠራል። ጋሼ ኸይሩ ኢንተርኔታቸውን ከፈቱልኝ፣ ጌሙ ሲከፈት አጎንብሰው አብረውኝ ያያሉ። "ይሄ የኔ ምልክት አይደለም እንዴ? እዚህ ምን ይሠራል?"

"እንስሳው ጠንካራ ስለሆነ ነው ጋሼ።" (ሁለተኛ ውሸት።)

ኮራ አሉ። ስለ ኮከቡ፣ ስለ ክቡ ስነግራቸው ግን ሳቃቸውን ተዉ። "ይቺ ልጅ ቀንጣሽ ሆና ትቀራለች? መጋዘን ነው የሚሰጣት" አሉ። እንባዬ መጣ፣ በበርበሬው አሳበብኩ።

የፈታኋቸውን ሰባቱን ጆንያ መልሼ ሰፋሁ። ሁለቱን መፍታት አላስፈለገኝም። ጭንቅላቴ ዞሯል።

ሐሙስ

እንስሶቹ አንድም አልጎደሉም። ስልኩ በርበሬ በርበሬ ይሸታል፣ ስጠርገው ነው የዋልኩት። ግን ስልሳ ሁለቱ ቀን የለም። ትናንት በደስታ አላየሁትም። አሁን "ሁለት ቀን" ይላል፣ ትናንትና ዛሬ። ሰኞና ማክሰኞ ስላልከፈትኩት ቆጠራው ከአንድ ጀመረ።

"ጌሙ ራሱ ነው ያበላሸው" የምትል ነገር አፌ ላይ ተዘጋጅታ ቁጭ ብላለች። እንዴት ቶሎ እንደምትመጣልኝ! ግን አንቺ ያን ሁሉ ስትለዪ፣ ይሄን ውሸት አትለዪም?

በእትዬ ስልክ መልእክት ላኩልሽ። ኔትወርክ ያለበት ስትወጪ ይደርስሻል። በዚሁ ቁጥር ደውዪልኝ፣ እባክሽ ሳይመሽ። እስኪመሽ እውነቱን እይዘዋለሁ። ከመሸ እንዳልዋሽሽ ራሴን አላምናትም።