ባዶ ወንበር ለምን ይበራል

ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 1971 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የአዲስ አበባው ክረምት አልበረታብህም ወይ? ደረትህን ሸፍነህ ውጣ፤ የድሬ ሙቀት ያሳደገው ሰው ብርዱን አይችለውም። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ሙቀቱ ግን ዘንድሮ ልክ አጥቷል፤ ሌሊት እንኳን ከቤት ውስጥ ግቢ መተኛት ይሻላል። ስምህን ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም፤ ምክንያቱን ታውቀዋለህ።

ደብዳቤህን ዘርፈሽ ሰጠችኝ። ከአውሮፕላኑ ወርዳ የሆስተስ ልብሷን ሳትቀይር ነው ቤት ድረስ ያመጣችልኝ። አነበብኩት፤ መልሼም አነበብኩት። ተቆጥተሃል። ቦሌ ቆመህ እስከ መጨረሻው መንገደኛ ጠበቅህ፤ አባባ አልወረደም። ዘርፈሽን ስትጠይቃት አውሮፕላኑ ግማሹ ባዶ እንደነበር ነገረችህ። አባባ እዚህ አየር ማረፊያ፣ በሰው ፊት፣ ወንድ ልጅ የለኝም ማለቱንም ነገረችህ። አንተም፣ ግማሹ ባዶ ሆኖ ለምን ይበራል፣ ትኬት ቆራጯ እህቴ ለአባቷ አንድ ባዶ ወንበር አጣችለት ወይ፣ የምታፍሩብኝ ሰው ሆንኩ ወይ፣ ብለህ ጻፍክ።

እንግዲህ የሆነውን ልንገርህ። ከዚያ በኋላ የፈለግከውን ፍረድ።

የአባባ ሳል ከረመዳን በኋላ ባሰበት። እዚህ ያለው ሐኪም፣ መሣሪያው ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ቶሎ ውሰዱት አለን። ሸሚዴፈር፣ ምድር ባቡሩ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት ቢሆንም በባቡር ልንልከው አልቻልንም፤ ተቀምጦ ያን ሁሉ መንገድ የሚችል ትንፋሽ አልነበረውም። በአውሮፕላን ይሂድ ተባባልን። ባዶ ወንበር እንደሆነ ሞልቷል። ታኅሣሥ ላይ፣ ቁልቢ ሲደርስ፣ ሰው ለአንድ ትኬት ቢሯችን በር ላይ ይጋፋል። ነሐሴ ሲመጣ ግን ነጋዴውም ተሳላሚውም የለም። ዝንብ እያባረርን ነው የምንውለው።

የጎደለው የይለፍ ወረቀት ነበር። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ካሣ ዘንድ ሄድኩ። አዲስ አበባ ማን ይቀበለዋል አለኝ። ሆስፒታል ነው የሚተኛው አልኩት። ግድ የለም፣ በበረራው ቀን ወረቀቱን ራሴ አየር ማረፊያ ይዤ እመጣለሁ አለኝ። ደስ አለኝ። ለአክስታችን ለሃዎ ሁሉ፣ ሰውየው ክፉ አይደለም ብዬ ነገርኳት።

በቀኑ አባባ ነጭ ሸሚዙን ለበሰ፤ ኮፍያውን አጠለቀ። ካሣ እንዳለው መጣ። ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ለአባባ አሳየው። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የልጅህን ሰፈር ንገረኝና አሁኑኑ ተሳፈር አለው። አባባ ሳሉ እስኪቆምለት ጠበቀ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ፣ ወንድ ልጅ የለኝም፣ ያለችኝ ይህቺ ናት አለ። ካሣ ሳቀ። እንግዲያው እዚሁ ታከም ብሎ ወረቀቱን ኪሱ መለሰው። ዘርፈሽ ከአውሮፕላኑ ደረጃ ላይ ሆና የሰማችው ይህንን ነው። አባባ ያን ጊዜ እጄን እንዴት አድርጎ እንደጨመቀው ግን ከዚያ ሆኖ አይታይም።

ወደ ኃላፊያችን ወደ አቶ አለምብርሃን ሮጥኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ነበር። ልጄ፣ ወንበሩን እኔ እሰጣለሁ፣ በሩን የያዝኩት ግን እኔ አይደለሁም አሉኝ። ዓይኔን ማየት አልቻሉም። አልፈረድኩባቸውም፤ እሳቸውም ልጆች አሏቸው።

አውሮፕላኑ ተነሣ። አባባ አቧራው እስኪበርድ ቆሞ አየው። በጋሪ ስንመለስ፣ ሰው ካልሞላ ለምን ይበራል ብሎ ጠየቀኝ። አንተም በደብዳቤህ የጠየቅከው ይህንኑ ነው። የማውቀውን ነገርኩት። አውሮፕላን ቢቆምም ወጪው አይቆምም፤ አብራሪውም ጥበቃውም ደመወዝ ይበላሉ። ደግሞ ለእኛ ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ከዚህ አልፎ ሌላ ከተማ የሚጠብቀው መንገደኛ አለ። የበረራ ቀኑ በክረምት ከተሰረዘ ነጋዴው አውቶቡሱን ይለምድና በበጋ አይመለስም። የፊት ወንበሮቹ ደግሞ ለጓዶች የተያዙ ናቸው፤ ቢመጡም ባይመጡም አይሸጡም። አባባ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ እኛ ባዶ ፉርጎ ፈትተን እንተው ነበር፣ እናንተ ወንበሩን ፈትታችሁ አትተዉም ወይ ብሎ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ። ባለ ጋሪው ፈረሱን አቁሞ ጠበቀን።

ያልነገርኩት ነገር ነበር፤ እሱም ያውቀዋል። መሄድ የሚፈልግ ሰው ጠፍቶ አይደለም ወንበሩ ባዶ የሚሆነው። ስንቱ ትኬት ቆርጦ ወረቀት አጥቶ ይቀራል። እኔ ነኝ የምመልሳቸው።

ቤት ገብተን ግቢው ውስጥ ጥላው ሥር አጋደምኩት። ውኃ ሰጠሁት፤ አልጠጣም። ሰማዩን እያየ፣ እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ ጠብቆ ይሆን አለኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። አዎ፣ ጠብቋል አልኩት። ያን ጊዜ ደብዳቤህ ገና አልደረሰኝም ነበር።

አሁን አባባን ሳሉ ለቆታል። ቤቱ ዝም ብሏል። ሃዎ ከጀልዴሳ መጥታ አብራኝ ናት፤ ጎረቤቱም ከጠዋት ጀምሮ አልተለየንም። ግቢው ምንጣፍ በምንጣፍ ሆኗል። ከቀበሌም ሁለት ሰዎች መጥተው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሻይ ሰጠናቸው። ዱዓ ሲደረግ እጃቸውን አይዘረጉም፤ በአንተ ዕድሜ ያለ ሰው ሲገባ ግን ቀና ይላሉ።

አትምጣ። እለምንሃለሁ፣ በምንም አትምጣ። መልስም አትጻፍልኝ፤ ዘርፈሽን ከዚህ በኋላ ችግር ውስጥ ላስገባት አልፈልግም። ሥራዬም ቢሆን የሚያቆዩኝ አይመስለኝም፤ ካሣ ቢሮ ድረስ መጥቶ ከአቶ አለምብርሃን ጋር ሲነጋገር አይቻለሁ። የሚመጣውን አላውቅም። ደህና ነገር እንደማይሆን ግን ይታወቀኛል።

ባለህበት ሆነህ፣ በርህን ዘግተህ፣ ለነፍሱ ፋቲሃ ቅራለት።

አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። ሰብርና መጽናናት ይስጥህ፤ ለእኔም ይስጠኝ።

የምትናፍቅህ፣
እህትህ