ስላልተንበረከከው ወንድሜ

ለተከበሩ የኦንላይን ዕቅበተ እምነትና መንፈሳዊ ጽሑፍ ተቋም የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ እንዲሁም ሳይታክትና ሳያነብ መልስ ለሚልክልኝ የመልስ መስጫ ማሽናችሁ ደኅንነት ያለኝን ልባዊ ምኞት በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በግል የጻፍኳቸው አሥራ አንድ ደብዳቤዎች «ጥያቄዎ መፍትሔ አግኝቷል» እየተባሉ ስለተዘጉብኝ፣ ሰው ፊት ከወጣ ምናልባት ሰው ያነበው ይሆናል ብዬ ነው።

እኔ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ክፍል ውስጥ የተቀደዱ አንሶላዎችንና የሕሙማን ጋውኖችን የምጠግን ልብስ ሰፊ ነኝ። ጋሼ ብዬ የምጠራው ታላቅ ወንድሜ ደግሞ በርና መስኮት የሚሠራ ብረት በያጅ ነው። ሕግ የሚባል ነገር በደጁ ሳያልፍ ሠፈሩ ሁሉ «ጠበቃው» ይለዋል፤ ከማንም ጋር፣ ስለ ምንም ነገር፣ ሳይረታ ስለማያቆም ነው። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ታመመች። እኔ ያለሁበት የጸሎት ቡድን አልጋዋን ከቦ ሲጸልይ ከረመና በመጨረሻ «ትድናለች፣ ተነግሮናል» ብለን ለወንድሜ ቃል ሰጠነው። በሦስተኛው ሳምንት ሞተች። ከቀብር መልስ አንዱ ሽማግሌ ሊያጽናናው ብሎ «ጌታ ፈልጓት ነው» ቢለው፣ ጋሼ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ «እኔስ አልፈለግኳትም ነበር?» አለ። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን አልረገጠም። ለእኔ ግን አንዲት ጥያቄ አስቀረልኝ፦ «እቴ፣ ትድናለች ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። የሰማችሁት ከማን ነበር?»

ወደ እናንተ የመጣሁት ለዚህች ጥያቄ ብዬ ነው። «የሚጠይቋችሁን ሁሉ በልበ ሙሉነት መልሱ» የሚለውን ማስታወቂያችሁን አይቼ ተመዘገብኩ። የተደረገልኝን ውለታ እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ አቀባበላችሁ አመሰግናለሁ። በተመዘገብኩበት ዕለት «ውድ ወንድማችን፣ እንኳን ወደ ቤትዎ መጡ» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ሴት መሆኔን በአክብሮት ባሳውቅ «ውድ ወንድማችን፣ ስላሳወቁን እናመሰግናለን» የሚል ምላሽ አገኘሁ። ይህን እንደ በደል አልቆጥረውም። ተማሪዎቻችሁን ምን ያህል ተጠንቅቃችሁ እንደምታነቡ አንባቢ እንዲረዳልኝ ብቻ ነው።

፪ኛ. ስለ መከራ ያስተማራችሁን ትምህርት የተከታተልኩት በምሳ ሰዓት፣ አንሶላ በሚታጠፍበት ጠረጴዛ ላይ ስልኬን በክር ጥቅል አስደግፌ ነበር። በቪዲዮው ላይ ካውያ የበላ ኮት የለበሰ መምህር ተቀምጧል፤ ፊት ለፊቱ «ተጠራጣሪው» የሚባል ወጣት አለ። ወጣቱ «ቸር አምላክ ካለ መከራ ለምን ኖረ?» ብሎ ይጠይቃል፣ መምህሩ አራት ነጥቦችን በጣቱ ይቆጥራል፣ በአራተኛው ደቂቃ ወጣቱ «እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር» ብሎ እጅ ይሰጣል። አራቱን ነጥቦች በልብስ መረከቢያ ወረቀት ጀርባ ላይ ገልብጬ፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ወደ ጋሼ ወርክሾፕ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ የሆነው ጥፋት የተቋሙ አይደለም፤ ቪዲዮውን ሳያይ ለመከራከር የተቀመጠው ወንድሜ ነው ጥፋተኛው። ሦስቱን እስክቆጥር አዳመጠኝና የብየዳ ማስኩን ወደ ላይ ገፍቶ «አራተኛውስ?» አለኝ። ነገርኩት። «ጥሩ ነው። አሁን ደግሞ ሂጂና እሷ ተኝታበት የነበረው አልጋ ላይ ቁጭ ብለሽ ድገሚልኝ» አለኝ። አልቻልኩም። «እንዲህ ሲለኝ ምን ልበለው?» ብዬ ለመምህሩ ጻፍኩ። በዘጠነኛው ቀን የመጣው መልስ «ክፍል አራትን ደግመው ይመልከቱ» የሚል ነበር። ደግሜ አየሁት። ወጣቱ አሁንም በአራተኛው ደቂቃ እጅ ይሰጣል።

፫ኛ. በትምህርት ዝርዝራችሁ ውስጥ ስላልነበረ፣ ስለዚህም ልታበላሹት ገና ጊዜ ስላላገኛችሁ አንድ ነገር ምስጋናዬን ሳላቀርብ ማለፍ ንፉግነት ይሆንብኛል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ ጋሼ ሁለተኛ በርጩማ አውጥቶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ ከመሥሪያው ጠረጴዛ አጠገብ አስቀምጦ ጠበቀኝ። ሳምንቱን ሙሉ ያሰባቸውን ጥያቄዎች በአንድ ቁራጭ ላሜራ ላይ በጠመኔ ጽፏቸዋል። ዓመት ሙሉ ከ«እሺ»ና ከ«የለም» ሌላ ቃል ያልወጣው ሰው ጢሙን ተላጭቷል። ከዚያ በኋላ ለአምስት ወር ያህል፣ በእያንዳንዱ ቅዳሜ፣ እኔ ከእናንተ የተማርኩትን ይዤ እሄዳለሁ፣ እሱ ያፈርሰዋል፣ እኔ የፈረሰውን ይዤ እመለሳለሁ። ረትቼው አላውቅም፤ ቢሆንም እናወራ ነበር። አንድ ቀን ላሜራውን በጨርቅ እየጠረገ «ጸሎታችሁ ባዶ ነበር አልልም እኮ። ባዶ የሆነው ቃላችሁ ነው» አለኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር እንደ ዕንቁላል ተጠንቅቄ ይዣት ቤቴ ገባሁ። ከአራቱ ነጥቦቻችሁ ጋር ለማወዳደር ግን ድፍረቱ የለኝም።

፬ኛ. ወደ መንፈሳዊ ጽሑፍ ኮርሱ ስሸጋገር «በእምነት የሚታገል የምታውቁትን ሰው እውነተኛ ታሪክ ጻፉ፤ ምንም አትጨምሩ፣ ምንም አትቀንሱ» የሚል የቤት ሥራ ሰጣችሁን። እኔም የወንድሜን ጻፍኩ። የጸሎት ቡድናችን ያልተነገረውን ተነገረኝ ማለቱን፣ ከመካከላቸውም አንዷ እኔ መሆኔን በአንድ አንቀጽ ተናዘዝኩ። ከመላኬ በፊት ለጋሼ አነበብኩለት። ሁለት ቦታ አረመኝና «አስተማሪሽ ብቻ ያነበው እንደሆነ ላኪው» አለኝ። አስተማሪዬ ብቻ እንደሚያነበው ነገርኩት። የመሰለኝ እንዲያ ነበር።

የእኔ ታሪክ የሚያልቀው ጋሼ «በይ፣ ቅዳሜ ነይ» ብሎ ማስኩን ሲያወርድ ነው። በድረ ገጻችሁ ላይ «ብረቱ ቀለጠ» በሚል ርእስ ያወጣችሁት ታሪክ ግን የሚያልቀው ወንድሜ ማስኩን መሬት ላይ ወርውሮ፣ በወርክሾፑ ወለል ላይ ተንበርክኮ፣ «ተሸነፍኩ» እያለ ሲያለቅስ ነው። ለአርታኢያችሁ ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም፤ ሥርዓተ ነጥቤን ሁሉ አስተካክሎልኛል። ቅጽል ስሙን ሳይነካ ትቶልኛል፣ ሙያውን ትቶልኛል፣ የሚስቱን ሕመምና በጠመኔ የተጻፈበትን ላሜራ እንኳ ትቶልኛል። ቆርጦ ያወጣው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ እሱም እኛ የዋሸንበትን። ለወደፊቱ ይጠቅማችሁ እንደሆነ ግን፣ ሠላሳ ዓመት የበየደ ሰው ማስኩን መሬት ላይ አይወረውርም፤ መስታወቱ ይሰበራል። እኔም ጠጋኝ ነኝና የሙያዬን ልናገር፤ የተቀደደውን መስፋት አንድ ነገር ነው፣ ሰውየውን አስወጥቶ ጋውኑን ለአሻንጉሊት ማልበስ ሌላ ነገር ነው።

መስኮት ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ነው ለጋሼ የነገረው። የጋሼን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ «እንኳን ተመለሱ፣ አንብቤ አለቀስኩ» አለውና ስልኩን ሰጠው። ጋሼ እስከ መጨረሻው አነበበ፣ ስልኩን መለሰ፣ እጁን ታጠበ፣ መስኮቱን አስረከበ። ቅዳሜ ስደርስ ሁለተኛው በርጩማ አልነበረም።

«አስተማሪዬ ብቻ ነው ያልሽኝ» አለ።

እኔ እንዳላደረግኩት፣ መጨረሻውን የቀየሩት እነሱ እንደሆኑ፣ እየተንተባተብኩ ተናገርኩ። ማመኑን ፊቱ ላይ አየሁ፤ ማመኑ ግን ምንም አልጠቀመኝም።

«እኔን መርታት ሲያቅታችሁ ጻፋችሁኝ» አለና ማስኩን አወረደ።

፭ኛ. ታሪኩ እንዲነሣ በጠየቅኩ ቁጥር ስላሳያችሁኝ ትዕግሥት አመሰግናለሁ። በመጀመሪያ «ምስክርነትዎ ከአራት ሺህ በላይ ነፍሳትን ባርኳል፣ ክብር ለጌታ» አላችሁኝ። ቀጥሎ፣ ስመዘገብ «ጽሑፎች ለማነጽ ሲባል ሊታረሙ ይችላሉ» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ፊት ያለችውን ትንሽ ሳጥን በገዛ ጣቴ ነክቼ መስማማቴን አስታወሳችሁኝ። እውነት ነው፣ ነክቻለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ አባቶች፤ የጣት ወለምታን ግን አላወቁትም። በዚያው ሳምንት «እውነትን ስለ መመስከር» የሚለው ፈተናዬ ውጤት መጣልኝ፤ ከመቶ ዘጠና ስድስት። «ለመልካም ዓላማ ሲባል ሐሰት መናገር ይፈቀዳልን?» ለሚለው ጥያቄ «አይፈቀድም» ብዬ ነበር፤ ትክክል ተብሎልኛል።

አንድ ጊዜ ብቻ በስልክ ሰው አገኘሁ። ድምፅዋ የለሰለሰ ልጅ ናት። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋት፤ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና «እማማ፣ እኔ ባነሣው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ፈቃዱ እኔ ጋ አይደለም» አለችኝ። «ማን ጋ ነው?» አልኳት። «እሱን እኛም አናውቀውም» አለች። ልሰናበታት ስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ግን እውነት አልተንበረከከም?» ብላ ጠየቀችኝ። አልተንበረከከም አልኳት። ሳትሰናበተኝ ስልኩን ዘጋች። ከአራት ሺዎቹ አንዷ እሷ እንደነበረች የገባኝ ያኔ ነው። እንግዲህ በአንድ ታሪክ ወንድሜንም እሷንም ያሳዘንኩ እኔ ነኝ፤ ለማን ይቅርታ እንደምጠይቅ እንኳ አላወቅኩም።

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ ነገሩ አሁን ያለበትን ደረጃ በአጭሩ ላቅርብ። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ጋሼ ጨዋ ሰው ስለሆነ አያባርረኝም። በሩ አጠገብ፣ ገና ቀለም ያልተቀቡ የመስኮት ፍሬሞች በተደገፉበት ግድግዳ ሥር ቆሜ፣ ብልጭታው ሲረግፍ አያለሁ። እሱ ማስኩን አያነሣም። በጠመኔ የተጻፈበት ላሜራ ተቆርጦ የሰው በር ሆኗል። ባለፈው ቅዳሜ፣ ሁለት ሰዓት ከቆምኩ በኋላ፣ ያለቀበትን የብየዳ ኤሌክትሮድ ሊቀይር ሲያቆም «ጋሼ፣ አንድ ነገር በለኝ» አልኩት። በማስኩ ውስጥ ሆኖ «እዚያ ላይ ያለው ሰውዬ ከእኔ ይሻላል። ሂጂ፣ ከእሱ ጋር ተወያዪ» አለኝ። አሥራ ሁለቱን የትምህርት ክፍሎች ጨርሻለሁ። ለዚህ የሚሆን መልስ በየትኛውም ውስጥ የለም። እጸልያለሁ፤ እንደ ቀድሞው ግን «ተነግሮኛል» ለማለት አፌ አይደፍርም፤ ምክንያቱም ምንም አልተነገረኝም።

የምለምነው ብዙ አይደለም። ታሪኩን አንሡልኝ። ይህ ከሥልጣንዎ በላይ ከሆነ፣ ከመጨረሻው መስመር ሥር «ይህ አልሆነም» የሚሉ ሁለት ቃላት ጨምሩልኝ። ሁለት ቃል ማንንም የማያንጽ ከሆነ ደግሞ፣ ቢያንስ የሚስቱን ሕመም ከውስጡ አውጡለት። እሷ የማንም ማስረጃ ለመሆን አልታመመችም።

ስለ ሰጣችሁኝ ዕውቀት፣ ስለ ወሰዳችሁብኝ ቅዳሜም ጭምር፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለተቋሙም የማያቋርጥ ዕድገትን የምመኝ፣

ለማነጽ ሲባል የታረምኩት፣
የሆስፒታሉ ልብስ ጠጋኝ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ፣ የተመለሰው ወንድሜ በኮርሱ ምረቃ ዕለት በቪዲዮ ቀርቦ የአምስት ደቂቃ ምስክርነት እንዲሰጥ የሚጋብዝ መልእክት ከጽሕፈት ቤትዎ ደርሶኛል፤ ስለ አክብሮቱ አመሰግናለሁ። እኔ የማውቀው ወንድሜ ሥራ ላይ ስለሆነ አይመቸውም። እናንተ የምታውቁትን ጋብዙት፤ የት እንደሚገኝም የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ከመጣ ግን አደራ፣ ሳይሄድ ጥሩኝ። የሚያናግረኝ ወንድም ካገኘሁ ስንት ጊዜዬ ነው።